ወርቃማው ነጥብ በአዴ ዘይቱና ግቢ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬም ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ላይ የገበሬ መሬት ስንለካ ዋልን። ማሽላው ሰው ይውጣል። ጂፒኤስ ይዤ ወሰን ለወሰን ስዞር እግሬ አለቀ።

ከሥራ ስወጣ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ደሴ በሠለጠንን ጊዜ አሠልጣኙ የነገረን ጨዋታ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጂኦካሺንግ ይሉታል። ትንሽ ዕቃ ይደበቃል፣ ቦታው ኢንተርኔት ላይ በእንቆቅልሽ ይለጠፋል። ያገኘ ሰው ውስጡ ያለች ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በቃ። ሽልማት የለው፣ ምን የለው። በከሚሴ ዙሪያ አንድም የተደበቀ የለም... እኔስ ብደብቅ?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ደበቅሁት። የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ሥር፣ ትልቅ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ።

እንቆቅልሹ ላይ ተራቅቄያለሁ፣ አልዋሽም። አምስት እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ቅርጽ ነው። የሁለት አጎራባች ማዕዘኖችን ቦታ ብቻ በቢሮው ጂፒኤስ ለክቼ ሰጠሁ፤ ሌሎቹን አስልቶ ማግኘት የፈላጊው ፈንታ። ከዚያ ሁለቱን እያንዳንዳቸውን፣ አንዱ ሌላውን ዘልሎ ካለው ማዕዘን ጋር በቅርጹ ውስጥ በመስመር ማገናኘት። መስመሮቹ የሚቆራረጡበት ቦታ ቆርቆሮው አለ። ያ ነጥብ መስመሩን በወርቃማው ምጣኔ ይከፍለዋል፤ ትንሹ ክፍል ለትልቁ እንደሆነ፣ ትልቁም ለሙሉው መስመር እንደዚያው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ይሄን ነገር እወደዋለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ...

የቢሮ ባልደረባዬ ሸረፈዲን ሳቀብኝ። ሰው ወርቅ ይደብቃል፣ አንቺ ባዶ ቆርቆሮ፣ አለ። ይሳቅ። አንድ ሰው ብቻ ስሙን ይጻፍልኝ። ሌላ አልፈልግም።

ኅዳር 20

ምንም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

መልእክት! ወደ ደሴ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች እንቆቅልሹን ፈትተው ሄደዋል። አላገኙም። ስሌታቸውን ልከውልኛል፣ ልክ ነው። "ሣጥኑን አጣነው፤ ግን አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው እርጎ አጠጡን" ይላል።

የምን እናት? ድንጋዩ አጠገብ ቤት የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ሌላ ሰው፣ በብስክሌት የመጣ። እሱም አላገኘም። እሱም እርጎ ጠጥቷል! የድረ ገጹ ሰዎች ደግሞ የሚያገኘው ከጠፋ እንሰርዘዋለን ብለው ጻፉ። ተናደድኩ። ስሌቱን እንደገና ሠራሁት... ልክ ነው። ታዲያ ምን ነክቶት ነው?

እሑድ፣ ጥር 4

እንደ ማንኛውም ፈላጊ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ሞልቼ ሄድኩ። ስልኩ ድንጋዩን ትቶ ወደ ደቡብ ወሰደኝ። አንድ ግቢ አጥር ሥር ሲያደርሰኝ "ደርሰሻል" አለኝ።

ያኔ ገባኝ። የቢሯችን ጂፒኤስ የሚሠራው በድሮው የአገራችን ካርታ አቆጣጠር ነው። የዓለም ስልክ ሁሉ በሌላ ይቆጥራል። የሁለቱ ልዩነት ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ነው። ይህንን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ! ሸረፈዲን እንዳይሰማ።

አንዲት እናት ከቤት ወጡ። አዴ ዘይቱና ይባላሉ። ማን ነሽ፣ ምን ፈለግሽ ሳይሉኝ አስገቡኝ። እርጎውም መጣ። አፍሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አያስቸግርዎትም አልኩ።

"ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?" አሉኝ። "ልጆቼ ጅዳ ናቸው። ሰው ደጄን ሳይረግጥ ወር ያልፍ ነበር። አላህ የላከልኝን እንግዳ ልትመልሺብኝ ነው?"



ማክሰኞ፣ ጥር 6

ቁጥሩን ላስተካክል ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ነበር። እጄ እምቢ አለ። ካላስተካከልኩት ደግሞ ይሰረዛል። ያን ሁሉ የደከምኩበት...

ቆይ። ለምን ቁጥሩን አነካካለሁ? ቆርቆሮውን ራሱን ባዛውረውስ?

ዓርብ፣ ጥር 9

ከጁምዓ በኋላ ከአዴ ዘይቱና ጋር ድንጋዩ ዘንድ ሄድን። እባብ ፈርቼ ሳመነታ እሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ከተቱና ቆርቆሮውን ይዘው ወጡ።

"ማን አገኘው?" አሉኝ።

"አንቱ።"

"እንዲያ ከሆነ አስፈርሚኛ።"

መጻፍ አይችሉም። ገበሬዎችን የምናስፈርምበት የአሻራ ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውራ ጣታቸውን ነክረው ቆርቆሮው ውስጥ ባለችው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጫን አደረጉት። ስንት ወር የጠበቅሁት ይሄንን ነበር እንዴ? ደስ አለኝ፣ በጣም።

ቆርቆሮውን በአጥራቸው ድንጋዮች መሀል ወተፍነው፤ ስልኬ "ደርሰሻል" ካለኝ ቦታ ላይ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ትናንትም አዴ ዘይቱና ቤት ዋልኩ። ዓርብ ከቀረሁ አሁን አሁን ይቆጡኛል። ሸረፈዲን ነገሩን ሰምቶ ሲስቅ ሲስቅ ቆየና፣ ባቲ ላይ እኔም አንድ ልደብቅ፣ አለ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ጻፉልኝ። አግኝተውታል! ሳይበሉ መፈለግ ግን አልተፈቀደላቸውም። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ "የመጀመሪያዎቹ እኛ መስሎን ነበር። ከኛ በፊት በአሻራ የፈረመው ማነው? ከየት አገር የመጣ ነው?"

እርጎውን የቀዱላችሁ እሳቸው ናቸው፣ ብዬ መለስኩላቸው።