አባባ ምን አሉህ?

ይድረስ ለወንድምጋሼ ሙዐዊያ። አላህ በሰው አገር ሰላምህን ያብዛው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን።

መጽሐፍህ ደረሰኝ! እልል ስል ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ባለሆቴሏ እትዬ ስንታየሁ፣ «እንግሊዝኛውን ማን ሊያነበው ነው?» ብለው ቢያሾፉብኝ፣ «አስራ ሁለተኛን በከንቱ ጨረስኩ እንዴ?» አልኳቸው። መዝገበ ቃላት ይዤ ገባሁበት። ታሪኩ ላይ ያለው ልጅ የቅኝ ገዢዎቹ ትምህርት ቤት ገብቶ የእናቱን ቋንቋ ሲረሳ አለቀስኩ። እንዴት አድርገህ ጻፍከው ወንድሜ!

አባባ ደህና ናቸው፣ እህልም ይቀምሳሉ። ከረመዳን ወዲህ ግን አማርኛውን ትተው በአርጎብኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። እኔ ከተማ ያደግኩት አልሰማውም፤ አሊዩ አምባ አያቶቻችን ጋ በቋንቋው ያደግከው አንተ ነህ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁኛል። ውሃ አመጣለሁ፣ ትራሳቸውን አስተካክላለሁ፤ እሱን አይደለም መሰለኝ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ባለፈው አርብ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደረግኩት ለዚሁ ነበር። ድምፅህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ብዙ አወሩህ። አንተ በአማርኛ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብለህ ዘጋህ። ለእኔስ ጥርት ብለህ ነበር የምትሰማኝ፤ ግን ኔትወርክ መቼም አይታመንም። ምን እንዳሉህ እስካሁን አልነገርከኝም። እሳቸው መልስህን ሲጠብቁ ስልኩን ከጆሯቸው አላወርድም ብለው እስከ መግሪብ ያዙት።

አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ዘምዘም