ለማይታጠቡ ሴቶች የተነገረ

ሚያዝያ 6

ቀኑን ሙሉ ፀጉር ስተኩስ ዋልኩ። አውራ ጣቴን ተቃጥያለሁ። ወሬው ያው ነው፤ የማን ባል፣ የማን ምራት። ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ስለማይሰማቸው ይጮኻሉ፤ ጉዳቸውን መንገደኛው ሁሉ ይሰማል።

ልዘጋ ስል ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ መጣች፣ ፀጉሯን ቀለም ልትቀባ። እንዳይነካባት ሸሚዟን ስታወልቅ አየሁት። የግራ ጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል። ዙሪያው ተጨማዷል። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላት፣ እርጅና ነው አለች። እርጅና አንዱን ጡት ብቻ መርጦ ይመጣል እንዴ?

ቀለሙን ቀባኋት።

ሚያዝያ 8

እትዬን ማሞግራም የሚሉትን የጡት ራጅ ተነሺ ልላት ቤቷ ሄድኩ። የወንድማችን ሚስት ቀድማኝ ተቀምጣለች። በልቤ ሁሉን አወቅ ነው የምላት። ማሽኑ ጡት ጨፍልቆ የተኛውን በሽታ ይበትናል አለች። ከማን ሰማሽ? ከጎረቤቷ። ጎረቤቷስ? ከሌላ ጎረቤት። የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሴቶች...

እትዬ ደግሞ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ ሦስቴ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ወሬ ሲሆን እንዲሁ ትውጣለች።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። በመጨረሻ፣ "እስቲ መጀመሪያ አንቺ ተነሺ። ደህና ከመጣሽ እሄዳለሁ" አለች።

እሺ አልኩ። እኔ ምን አለብኝ?

ሚያዝያ 9

ቀጠሮ ለመያዝ ሐኪም ቤት ደወልኩ። የስልኳ ልጅ፣ የወር አበባ የምታይ ሴት ካበቃ በኋላ ባለው ሳምንት ብትመጣ ብዙ አያማትም አለች። የእኔማ ከቀረ ቆየ። ደግሞ በዕለቱ ብብትና ጡት ላይ ፓውደር፣ ዲዮድራንት፣ ቅባት እንዳይነካ ብላ ደጋግማ ነገረችኝ።

ለማን ነው የምትነግረው? ይህ ላባቸውን በፓውደር ለሚሸፍኑ፣ ለማይታጠቡ ሴቶች የተነገረ ነው።

ሚያዝያ 14

ተነሳሁ።

ታጥቤ፣ እንደ ወትሮዬ ፓውደሬን ነስንሼ ነው የሄድኩት። እንግዳ ሰው ፊት ክንዴን አንስቼ ላብ ላብ ልሸት? ሞቼ ነው። የምታነሳኝ ልጅ፣ ፓውደር ነገር ተቀብተዋል ወይ አለችኝ። አልተቀባሁም አልኩ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ። ደግሞ እኔን ልትጠይቅ።

ከወገብ በላይ ራቁቴን ቆምኩ። ጡቴን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ ሌላው ጠፍጣፋ ከላይ ወርዶ ተጫነው። ያማል? ያማል። ግን ልንጮህ አፋችንን ሳንከፍት ይለቃል። ጠባብ ጫማ ከዚህ የባሰ ያማል፤ እሱን ግን በገንዘባችን ገዝተን ነው የምንሰቃየው።

ሚያዝያ 19

ያቺ የስልኳ ልጅ ከሐኪም ቤት ደወለች። ነጫጭ ነጠብጣብ ታይቷል፣ ተመልሰው ይምጡ። እንዲህ የሚጠሩት አብዛኞቹ ምንም አይገኝባቸውም አለች። እኔ የሰማሁት ነጠብጣቡን ብቻ ነው።

ለእትዬ ነገርኳት። ሁሉን አወቅ እዚያው ነበረች። "አላልኩም? ጤነኛ ገብታ በሽተኛ ወጣች" አለች፣ ዕጣ የወጣላት ይመስል። እትዬ አለቀሰችልኝ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ እኔስ አልሄድም አለች።

ሚያዝያ 20

ደንበኞቼ ሁሉ ዛሬ ያስጠላሉ።

ሚያዝያ 22

ያችው ያነሳችኝ ልጅ ናት። ምስሉን እያየች፣ ነጠብጣቡ ብብትዎ አካባቢ ብቻ ነው፣ ፓውደር ልክ እንዲህ ሆኖ ይታያል አለች። ምን ይዋጠኝ? ተቀብቼ ነበር አልኩ፣ ለግድግዳው። እርጥብ ጨርቅ ሰጠችኝ። ፊቷ ቆሜ ብብቴን ጠረግኩ።

እንደገና ተነሳሁ። ንጹሕ። ሐኪሙም ምንም የለም አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እትዬስ? ተሳስተው ነው ብላት፣ የሚሳሳት ማሽን ምን ያደርግልኛል ትላለች። ጡቷ እንደዚያ ሆኖ ቤቷ ትቀመጣለች፣ በእኔ ፓውደር ሰበብ። እውነቱን ልንገራት? ያቺ ሴትዮ ፊት?

ሚያዝያ 23

ነገርኳት። ሁለቱም እያሉ።

"ማሽኑ አልተሳሳተም። ጅሏ እኔ ነኝ። አትቀቢ ተብዬ ተቀባሁ፣ ስጠየቅ ዋሸሁ።"

ሁሉን አወቅ እስክታነባ ሳቀች። ትሳቅ። እትዬ አልሳቀችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

"ያን ያህል ፈርተሽ ነበር?"

አፍሬ ነው ልል ነበር... ግን ፈርቼም ነበር። በጣም አልኳት።

"እኔም" አለች።

ሚያዝያ 27

እትዬ እሺ አለች። ራጁን ሳትነሳ የሐኪም ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ አስገብቼ ሸሚዟን አስወለቅኳት። ብብቷ ነጭ በነጭ! ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ። ታዲያ ሰው ፊት እንዴት ልቁም ትለኛለች። ከእኛ ቤት ሌላ ምን ይወጣል?

መሐረቤን አርጥቤ ጠረግኳት። የገባው ጫፍ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

ግንቦት 12

የእትዬ የናሙና ውጤት መጣ፤ ዕጢ ነው። ክፉው። ግን ትንሽ ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። ኦፕራሲዮኑ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሐኪሙ በጊዜ መጥተዋል ሲላት፣ እትዬ ዞራ እኔን አየችኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ከሰዓት ሥራ ገባሁ። አንዷ ካስክ ሥር ሆና ትጮኻለች፤ አንዲት ፀጉር ሠሪ ጤነኛ ገብታ በዚያ ማሽን በሽተኛ ወጣች አሉ። ወሬው ከየት እንደተነሳ አላጣሁትም። ካስኩን አጠፋሁት፣ በደንብ እንድትሰማኝ።

"ፀጉር ሠሪዋ እኔ ነኝ። ነጠብጣቡ ፓውደር ነበር። የእህቴ ግን ፓውደር አልነበረም።"

ካስኩን መልሼ አበራሁላት።

ማታ ሁሉን አወቅ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል። እሷም ጡቷ ውስጥ በእጇ የምትዳስሰው ነገር አለ... ከክረምት ጀምሮ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። የምመልስላት ስንት ነገር ነበረኝ።

እሺ፣ ነገ ጠዋት አልኳት። ብብቷን የማጥብላት እኔው ራሴ ነኝ፤ አላምናትም።