ፊልሙን አይቼዋለሁ አትበዪኝ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሐኪም ሳታዪ ታቅፈሽው ተቀምጠሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የቆመ ጉልበት እንዴት ደህና ይሁን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ የእጅ ጽሑፍሽ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ግን ደሜ ፈላ። የዚያን የጥንት እንግሊዛዊ ደራሲ መጽሐፍ አንብቢው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ? አንቺ ግን «እትዬ፣ ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ታሪኩን አውቀዋለሁ» ትያለሽ። ምኑን ነው የምታውቂው?

ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግን ጓዳችን ገብቶ ያየን ነው የሚመስለው። የአንዲት አከራይ ሴትዮን ባርኔጣ ለመግለጽ ብቻ ሦስት ገጽ ይፈጃል። በምሳ ሰዓት እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ፣ ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዬ «ምነው እቴ፣ እንፋሎቱ ናላሽን አዞረው?» አለችኝ። አሁን ሦስተኛ መጽሐፉን ይዣለሁ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ከሆነ አይቆጨኝም።

ፊልሙንም ባለፈው እሑድ ከሰዓት የማታ ትምህርት መምህራችን ሰብስባ አሳየችን። ልብሱም ሠረገላውም ያምራል፤ አልዋሽም። መጨረሻው ላይ ግን ብድግ ብዬ «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ታላቋን በድላ የሄደችው ታናሽ እህት ከሃያ ዓመት በኋላ ስትመለስ ታላቅየዋ በዝናብ ሮጣ አቀፈቻት፤ ሙዚቃው ተንጫጫ፤ አለቀ። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም! በሩን ትከፍትላትና ተመልሳ ልብሷን ትተኩሳለች። አራት ገጽ ሙሉ አንድ ቃል አይወጣትም። መምህሯ «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው፣ ይቀመጡ» ብላ ለመነችኝ።

አንቺ ደግሞ ያንን መተቃቀፍ አይተሽ «እሷ ይቅር እንዳለቻት አንቺም ይቅር በይኝ» ትይኛለሽ። ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? አባባ አንቺን ትምህርት ቤት ልኮ እኔን ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጋር ሲያስቀረኝ፣ «እኔ አስተምርሻለሁ» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሦስት ቀን አስተማርሽኝና «እትዬ ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው» ብለሽ ከጓደኞችሽ ጋር ሳቅሽብኝ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ደብዳቤሽን በጎረቤት አፍ ሰማሁ። ያንን ሳቅሽን ከደብዳቤሽ አንድም መስመር ላይ አላገኘሁትም። «ስላጠፋሁት ሁሉ» ብለሽ በጅምላ አለፍሽው።

መጽሐፉን ልኬልሻለሁ። የራሴ ነው፤ ገጹን እንዳታጥፊብኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢውና ከዚያ ጻፊልኝ። እስከ ዛሬ ጎረቤት ስለሚያነብልኝ አፍረሽ የተውሽው ነገር ካለ፣ አሁን ጻፊው። የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ፊልሙ ላይ እንቅልፍ ወሰደው ካልሽኝ ከሁላችሁም እሱ ይሻላል። ትልቋን ልጅሽን ስለ ፎቶግራፉ አመስግኚልኝ፤ የትንሿን ጉንጭ፣ የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። አንቺንም ሰላም ብያለሁ፤ ሰላምታ ነው እንጂ እርቅ እንዳይመስልሽ።

ታላቅ እህትሽ
ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ከክፍሌ
የካቲት ፲፯ ቀን