የሞተችው ዛፍሽ

ይድረስ ለእታለሜ፦ እንደምን ከርመሻል? እኛ አንቺን ከመናፈቅ በቀር ደህና ነን።

አሁን ተቀመጪና ልብሽን ያዢ። በታላቅ ሐዘን የማረዳሽ ነገር አለ፤ አንቺ የተወለድሽ ዕለት አባባ የተከሏት ዛፍ አርፋለች። ቆይ፣ ሳታለቅሺ ስሚኝ።

እንደምታውቂው እኔና አባባ በምንሠራበት የዛፎች ግቢ ዛፍ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይንጠለጠልበታል፤ ሲሞት ቆርቆሮው ተፈትቶ የሟቾች ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሰሞኑን በሕይወት ያለውንና የሞተውን እየለየን እየመዘገብን ነው። አባባ ያንቺን ፈትተው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ ግንዷን በጥፍሬ ፋቅ ባደርጋት ውስጧ አረንጓዴ! እንደ ልማዷ ቅጠሏን አራግፋ ነው እንጂ ምንም አልሆነች።

«አባባ፣ እታለምን በቁሟ ቀበሯት እኮ!» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ይቺን ዛፍ ማነው የተከላት?» አሉኝ።

አለቃችን መጥቶ «ደህናውን ዛፍ ማነው የሞተ ያለው?» ብሎ ሲጮህ፣ እኔ እጄን አወጣሁ። «አንተ አሿፊ! መቼም አንተ ነህ!» ብሎ ጆሮዬን ጠመዘዘኝ። ማንም አልተጠራጠረም፤ እንኳንም ስሜ ቀድሞ ጠፋ! አሁን አባባ ከፊት ከፊት ሲፈቱ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እያፏጨሁ አስራለሁ።

ብቻ ዘንድሮ ነይ። ከዛፍሽ ሥር ከአባባ ጋር አብራችሁ ቁሙና፣ ትዝ ሲላቸው ያንቺ መሆኗን ራሳቸው ይንገሩሽ።

በይ ደህና ሁኚ፤ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ነገሩ አንዲት ቆርቆሮ ናት፣ መልሼ ሰቅያታለሁ።

ጉንጭሽን ከሩቅ የሚቆነጥጥሽ
ያ አመለኛ ወንድምሽ