የፈላና በርን ዋይፋይ ያስታረቁት የወይዘሮ ሰገነት ወልደ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰገነት ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሥራዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይንሸት አበራ ጥቅምት 12 ቀን 1943 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ሰገነት በልጅነታቸው ተጠግኖ ያለቀ የደንበኛ ሰዓት እንደገና ፈትተው በመገኘታቸው መቀጣታቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሐረር ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። ያኔ ደዋይና ተደዋይ የሚገናኙት በሰው እጅ ስለነበር መስመር እየሰኩ ሐረርን ከድሬዳዋና ከጅጅጋ ሲያገናኙ ቆዩ። ሥራው በማሽን ሲተካም «እስቲ ክፈቱትና አሳዩኝ» እያሉ ቴክኒሻኖቹን ያስቸግሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከመምህር ዘውዴ በቀለ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ኤልሳዕንና ሶፍያን አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ኖሩ፤ በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

በ2006 ዓ.ም. በሚኖሩበት በፈላና በር ሰፈር አቶ ሀሚድ የተባሉ ጎረቤት ኢንተርኔት ቤት ከፈቱ። ከዚያው ሳምንት ጀምሮ የአቶ ሀሚድ የግድግዳ ጎረቤት የወይዘሮ አይሻ ዋይፋይ ይቆራረጥ ጀመር። የወይዘሮ አይሻ ልጅ ሂክማ ጅዳ ሆና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር፤ እናትና ልጅ የሚተያዩትም በዚያው ዋይፋይ፣ በቪዲዮ ብቻ ነበር። የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ቢቀይሩም አልተሻላቸውም። በመጨረሻ «ሀሚድ መስመሬን ይሰርቃል» ብለው፣ ሁለቱም ቤተሰቦች በደስታና በሐዘን በሚረዳዱበት አፎቻ ሽማግሌዎች ፊት ሊከሱ ተነሡ። ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቋረጡ።

ወይዘሮ ሰገነት ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። «አይሻዬ፣ ከመክሰስሽ በፊት አንድ ሳምንት ስጪኝ» ብለው ለመኑ። ኤልሳዕ ከአዲስ አበባ በስልክ እየመራቸው፣ በአካባቢው ያለው ዋይፋይ ሁሉ በየትኛው ቻናል፣ ማለትም በየትኛው የሞገድ መስመር፣ እንደሚሠራ የሚያሳይ ፕሮግራም በስልካቸው ላይ ጫኑ። የሁለቱም ጎረቤቶች ቻናል ስድስት ነበር። ደስ ብሏቸው የወይዘሮ አይሻን ወደ ሦስት ቀየሩት። ባሰበት።

ወይዘሮ አይሻ «ሰገነት፣ ጭራሽ ገደልሽው!» አሉ።

ወይዘሮ ሰገነት አፍረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ግን አልተዉትም። ኤልሳዕን እየጠየቁ፣ እያንዳንዱን ቻናል እየሞከሩ፣ ውጤቱን በደብተር እየጻፉ አራት ቀን ከረሙ። ቁጥራቸው ቢለያይም የተቀራረቡ ቻናሎች እንደሚደራረቡ፣ ሳይነካኩ የሚሠሩት አንድ፣ ስድስትና አሥራ አንድ እንደሆኑ የገባቸው በአምስተኛው ቀን ነው። የወይዘሮ አይሻን አሥራ አንድ ላይ አደረጉ። የሂክማ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። ሆዷን እያሳየች «እማዬ፣ ይታይሻል?» ስትል ወይዘሮ አይሻ አለቀሱ።

«ሌባ አልነበረም፤ ሁለታችሁም በአንድ መስመር ላይ ስትነጋገሩ ነው የከረማችሁት» አሏቸው ወይዘሮ ሰገነት።

ወይዘሮ አይሻ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወደ አቶ ሀሚድ በር ሄዱ። «ሀሚድ፣ ወላሂ በድዬሃለሁ፤ አውፍ በለኝ» አሉ። አቶ ሀሚድ «ግቢ፣ ሻይ ጠጪ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ ያስቸገረው ሁሉ የሚጠራው ወይዘሮ ሰገነትን ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ኤልሳዕ በአዲሱ ደረጃ የሚሠራ ባለ አምስት ጊጋኸርትዝ ራውተር ሲያመጣላቸው፣ ስልካቸውን ይዘው ከክፍል ክፍል ሲመላለሱ ዋሉ። ራውተሩ ባለበት ክፍል የሚበር ነበር፤ የሐረርን የድንጋይ ግድግዳ ግን አይሻገርም። «ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ይፈራል» ብለው ለጓዳው የቀድሞውን አስቀሩ።

በ2010 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። የልባቸውን ምት የሚያሳየውን ስክሪን ለቀናት ሲመለከቱ ቆይተው፣ አንድ ጠዋት ሐኪማቸውን «ዶክተር፣ መስመሩ እዚህ ጋ የሚዘለው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ የልብ ክፍሎችን በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳቸው። «አሁን ገባኝ» አሉ፤ ወረቀቱንም እንዲተውላቸው ለመኑት። በማግሥቱ፣ መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ሰገነት የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳን አጠገብ ያኑርልን፤ ሳይመለስላቸው የቀረውንም ጥያቄ ሁሉ እርሱ ራሱ ያስረዳቸው። አሜን።