ትከሻሽ ላይ የነበሩት ጣቶች

እማዬ፣

ከተለየሽን አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላው ሊወጣ ነው። መካነ ሰላም ያው ናት፤ መንገዱም ጭቃው ያው ነው። የጓዳው ጣራ ማፍሰሱን ትቷል፤ ቆርቆሮውን አስቀየርኩት። ላሚቱን ለአጎቴ ሰጠኋት፤ የሚያልባት ሰው አልነበረም። ፎቶ ቤቴን ወደ መናኸሪያው አዛውሬዋለሁ። ሥራዬ አልተለወጠም። ለመታወቂያና ዐረብ አገር ለሚሄዱት ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከኋላቸው ያለውን አጠፋለሁ፣ ነጭ አደርገዋለሁ።

ጎረቤትሽ እትዬ ዘሃራ ደህና ናቸው። በተዝካርሽ ለሙስሊሙ እንግዳ በጉን ያሳረዱት፣ ድስቱንም ለይተው የያዙት እሳቸው ናቸው።

የምጽፍልሽ ስለ ፎቶሽ ነው። በልጃቸው ሰርግ ያነሳኋችሁ። ካሜራ አትወጂም ነበር። ሳነጣጥርብሽ ብድግ ልትዪ ስትዪ እትዬ ዘሃራ ትከሻሽን ጫን አደረጉና «ቁጭ በይ እንጂ! መፍራት ያለበት ካሜራው ነው!» አሉሽ። ሳቅሽ። ያኔ ነው ያነሳሁሽ። ከዚያ ሌላ ያለኝ የመታወቂያሽ ፎቶ ነው፤ እሱ ላይ ተቆጥተሻል።

ባረፍሽ ማግስት ወንዶቹ ድንኳን ሲተክሉ እኔ ወደ መንገድ የምትወጣዋ ክፍል ገባሁ፤ ያኔ ፎቶ ቤቴ እሷ ነበረች። ለለቅሶው ትልቅ ፎቶ ያስፈልግ ነበር። አንቺም ታውቂያለሽ፣ በለቅሶ ፎቶ ላይ በሕይወት ያለ ሰው ከሟች ጎን አይቆምም፤ ሟርት ነው ይባላል። ለስንቱ ሠርቼዋለሁ። ባልን ከሚስት፣ ልጅን ከአባት ለይቻለሁ። የሚወጣውን ሰው ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀንም አልጠየቅኩም።

ኮምፒውተሩ ላይ ማጥፊያውን አንዴ ስነካው ሰርጉ ጠፋ፣ ዳሱ ጠፋ፣ እትዬ ዘሃራ ጠፉ። ትከሻሽ ላይ ያሉት ጣቶቻቸው ግን ቀሩ፣ እንሶስላቸው እንደ ቀላ። ፕሮግራሙ ካንቺ ቆጥሯቸው ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ እነሱን ሳጠፋ ዋልኩ። ከነጠላሽ ከሌላው በኩል እየቀዳሁ አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው። ከኋላሽ ደመና አደረግኩ። ውጭ ሰው ያለቅሳል፤ እኔ የጥለቱ መስመር እንዲገጥም እጨነቃለሁ። ሲገጥም ደስ አለኝ፣ እማዬ። በእናቴ ለቅሶ ሥራዬ አምሮልኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በችኮላ በዋናው ፎቶ ላይ ሴቭ አደረግኩት። የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሰርግ ስል ቀደም ብዬ አጥፍቼው ነበር።

እትዬ ዘሃራ ድንኳኑ ውስጥ አዩት። ቀረብ ብለው ትከሻሽን ነኩ። ከአርባሽ በኋላ «ያቺን የሁለታችንን አትሚልኝ» አሉኝ። ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ቀለም አልቋል አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ይሉኛል። እንደገና ላነሳቸውና ካንቺ ጎን ልገጥማቸው ሁሉ አስቤያለሁ። እችልበታለሁ፤ ማንም አይለየውም። ግን ሳነሳቸው እጃቸውን ምን ላይ ያሳርፉ? ወንበር ላይ?

ባለፈው የገበያ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ፎቶ ቤቴ ገቡና አሁንም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ያወጣኋቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ዋናው እንደሌለ፣ ስዋሻቸው እንደከረምኩ። ዘንቢላቸውን አስቀመጡ።

«እኔን ለማውጣት ብዙ ፈጀብሽ?»

እርስዎ ወዲያው ወጡ፣ ጣቶችዎ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ፈጁብኝ አልኳቸው።

«ወላሂ በዋዛ አልወጣሁልሽማ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፎቶሽ ዞሩ። «ባልይዛት እኮ ተነሥታ ትሄድ ነበር» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የሳቅሽው በዚያ እጅ ነው። የቀረሽልንም በዚያ እጅ ነው። እኔ ደግሞ ያየሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን፣ እንደ ቆሻሻ ጠረግኩት። ሲወጡ «አብሽሪ» አሉኝ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ፎቶሽ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። በመጡ ቁጥር ትከሻሽን ይነካሉ፤ መስታወቱ ላይ የጣታቸው ወዝ ይቀራል። እስካሁን፣ ከሄዱ በኋላ፣ እወለውለው ነበር።

እማዬ፣ ከእንግዲህ ሳስታውስሽ ብቻሽን አላስታውስሽም። መስታወቱንም ሳጸዳ ያንን ቦታ እተወዋለሁ።

ልጅሽ