አፌ በሻሽ ታስሮ ሳለ የጠየቅኸኝ

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሞላን። መቃብርህ ዘንድ መጥቼ በአፌ ልነግርህ ነበር ሐሳቤ፤ ሰው ሙትን ስቆጣ ቢያየኝ ምን ይላል ብዬ በወረቀት አደረግሁት። ተቀይሜሃለሁ። አንተ ዙሪያ ጥምጥም ወሬ ስለማትወድ አስቀድሜ ተናገርኩ።

ቤቱ ደህና ነው። የበርበሬውን ሱቅ እማዬ ራሷ ይዛዋለች። ከመስቃን ገጠር በጋሪ የሚያመጡልህ ገበሬዎች ዛሬም ለእኛው ያመጣሉ፤ ዱዓ ሳያደርጉልህ አይሄዱም። የነርስነት ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ቀረኝ። ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ልጃገረዶችን ስለ ትዳር ታስተምርበት የነበረው ክፍል ደግሞ ሰው ስላጣ እኔ ገባሁበት።

ያንን ትምህርት ካንተ ነው የሰማሁት አባዬ። ሴት ልጅ ሳትፈቅድ ኒካህ አይታሰርም፣ መህሯ፣ ባሏ የሚሰጣት ጥሎሽ፣ የራሷ እንጂ የአባቷ አይደለም፣ ልማር ብላ ቅድመ ሁኔታ ብታስይዝ መብቷ ነው ትለን ነበር። ለትዳር መድረስ የቁመትና የዕድሜ ነገር ብቻ አይደለም፣ የሚገቡበትን አውቆ በልብም መሰናዳት ነው፣ ወንዱም እንደዚያው ትል ነበር። ወጥ ማጣፈጥ ብቻውን ለትዳር የሚያበቃ ቢሆን፣ የመናኸሪያው ሆቴል ወጥ ሠሪ በየሳምንቱ ባል ባገባች ነበር ብለህ ስታስቀን ትዝ ይለኛል። ከሁሉም ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ አባቴ አንተ ስለሆንክ ኮርቼ።

በሞትክ በሰባተኛው ወር የቆሼ ከተማው ሐጂ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ከሦስት ዓመት በፊት አታት ሆስፒታል ስትተኛ አጠገብህ ሆነው ያስታመሙህ፣ ከወንድም የማትለያቸው ወዳጅህ ናቸው። ሊጠይቁን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኳቸው። ለካ የመጡት ለልጃቸው ሊወስዱኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቃል ሰጥተሃቸው ኖሯል። የልጅቷስ ፈቃድ ብለው ሲጠይቁህ፣ ጠይቄያት ዝም ብላለች፣ የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው ብለሃቸዋል። እማዬን ዓይን ዓይኗን አየኋት፤ አቀረቀረች። እሷም ታውቅ ነበር።

መቼ ነው የጠየቀኝ ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። በኋላ መጣልኝ። የበርበሬ ወቅት ነው፤ ከጓሮ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። ብናኙ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስሬያለሁ፣ ዓይኔም ያለቅሳል። መጥተህ ቆምክና፣ ሐያት፣ ጥሩ ሰው ከመጣ ስለ ኒካህ ምን ትያለሽ አልከኝ። የሰው ስም አልጠራህም። የዘወትር ቀልድህ መስሎኝ እጄን አወናጨፍኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንተም ሄድክ።

አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ በርበሬ ነግደሃል። በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው አፉን እንደማይከፍት ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቶ ነው እል ነበር። ዝምታ ፈቃድ የሆነው ልጅቷ ለመናገር አፍራ ይሆናል ተብሎ ነው፣ ለእሷ ታዝኖ ነው ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ። የሚያመኝ እሱ ነው። እንቢ እንዳልልህ የማልናገርበትን ሰዓት መርጠህ መጣህብኝ። የሐጂውን ውለታ በእኔ ልትመልስ።

አጎቴ ሙስጠፋ፣ ታናሽህ፣ ባንተ ፈንታ የሚድረኝ ወሊዬ አሁን እሱ ነው፤ ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ የሟች ቃል ደግሞ ይብሳል ብሎ ቀን ቆረጠ። እኔም መስጊድ ሄጄ ለኡስታዙ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሁሉንም ሳሎናችን ሰበሰቡና በሰው ፊት ጠየቁኝ። የልጁን ስም ከነአባቱ ጠርተው፣ ለትዳር ትፈቅጂዋለሽ ወይ አሉኝ። 

«አልፈቅድም» አልኩ።

ኡስታዙም እንግዲህ ኒካህ የለም፣ አባትም ቢሆን ልጅቷ ባልፈቀደችው ነገር ቃል አይሰጥም አሉ። አጎቴ ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጠም። ሐጂው ግን በር ላይ ቆሙልኝና፣ እንዲህ መሆኑን ቢነግረኝ ኖሮ እግሬን አላነሳም ነበር አሉኝ። አፍረው ነበር። እሳቸውንም ነው ያታለልካቸው አባዬ።

ልጁ ክፉ አይደለም ይላሉ። ይሆናል። አንድ ቀን፣ ትምህርቴን ስጨርስ፣ አገባ ይሆናል፤ በስም ተጠይቄ፣ ቁጭ ብዬ፣ አስቤበት። ልጃገረዶቹንም እንዲሁ አስተምራቸዋለሁ። ትምህርቱ ካንተ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ያደረግኸውን ግን አልነግራቸውም። እሱን ለራሴ ይዤዋለሁ።

አልረሳህም። ከአምስቱም ሶላት በኋላ ጀነትን እለምንልሃለሁ፤ አባቴ ነህ፣ ያንን ማንም አይወስድብኝም። አንዳንድ ቀን ግን መቃብርህ ዘንድ መጥቼ ምንም ሳልናገር ቆሜ እመለሳለሁ። ይቅር አለችኝ ብለህ እንዳትወስደው። ይቅር ያልኩህ ቀን በአፌ እነግርሃለሁ።

ልጅህ ሐያት
ቡታጅራ